ማለዳ የመጡ አንባቢዎች

ወረታ ውስጥ «ማኅበር አለብኝ» ያለ ሰው «የማን?» ተብሎ ይጠየቃል። የሚካኤል ነው ወይስ የማርያም፣ ተረኛው ማን ነው፣ ጠላው ደርሷል ወይ ይባላል። እኔ «የመጽሐፍ ነው» ስል ሰዉ የታመምሁ ይመስል በሐዘኔታ ያየኛል። ጠጉሩ የሸበተ የሁለተኛ ደረጃ መምህር እሁድ ከሰዓት በኋላ የጨርቅ ሱቅ ጓዳ ገብቶ ልብ ወለድ ሲያነብ መዋሉን ባለቤቴም ለዘመዶቿ አትናገርም። «ስብሰባ ሄዷል» ነው የምትላቸው።

አራት ነን። አንደኛው ሐጂ ናቸው፣ የሱቁ ባለቤት፤ ባሕር ዳር ጨርቅ ሊያመጡ ሲሄዱ ከጣቃው መሀል አንድ መጽሐፍ ሸጉጠው የሚመለሱት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው የኔታ ናቸው፤ ከከተማው ዳር ካለው ደብር ዜማ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ቀሚስ ሊያሰፉ መጥተው ስናነብ ሰሙን፤ ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲያልቅም መምጣታቸውን አልተዉም። ሦስተኛዋ ልብስ ሰፊዋ ናት። በሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናዋን ዘርግታ የምትሠራ፣ አርባ ያልሞላት ሴት ናት። እኔና ሐጂ ብቻ ሳለን ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ታዳምጠን ነበር። «ኧረ የሰውየው ስም እንዲያ አይደለም፣ ባለፈው ሌላ ነበር» እያለች ስታርመን ጊዜ፣ ግቢና ተቀመጭ አልናት።

መጽሐፉ ሁልጊዜ አንድ ቅጂ ስለሆነ በየተራ ጮክ ብለን እናነባለን። የምናነበው ስለ ተራ ሰው የተጻፈውን ነው። ንጉሥ የሌለበት፣ ሽፍታ የሌለበት፣ በተለይም ጦርነት የሌለበት። ይኸን በድምፅ ብልጫ አልወሰንነውም። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ስልክ ሲመጣና ሲጠፋ የከረመ ሰው አረፍ ባለባት ሰዓት ስለ ጦርነት ማንበብ አያሰኘውም፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ባለፈው ክረምት የያዝነው ልብ ወለድ ስለ አንድ የእህል መጋዘን ዘበኛና ስለ ሚስቱ ነበር። ባል ሌሊት ይጠብቃል፣ ቀን ይተኛል። ሚስት ጌሾ ትሸጣለች። ከዚህ ሌላ ያለው ነገር የቤታቸው ጣራ ማፍሰሱ ነው፤ ምዕራፍ አልቆ ምዕራፍ ሲጀመር ጣራው ያፈሳል። የኔታ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«እኔን የሚገርመኝ» አሉ፣ «ጻድቅ አይደል፣ ጀግና አይደል፤ ምን ሠራ ተብሎ ነው የተጻፈለት?»

«ጣራው ያፈሳላ፣ የኔታ» አሉ ሐጂ። «የእርስዎ ጣራ አያፈስም?»

«ያፈሳል እንጅ። ግን ለእኔ ማን ጻፈልኝ?»

«ይኸው ተጻፈልዎ እኮ ነው የምልዎ።»

የኔታ በሳምንቱ በር ላይ ጫማቸውን ሳያራግፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እንኳ ሳይሉ፣ «ጣራው ተሠራ?» ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ከሁላችንም የባሱት እሳቸው ሆኑ። ሐጂ ደራሲን የሚመዝኑት በምግብ ነው፤ ሰዎቹ ምን እንደበሉ ያልጻፈ ደራሲ ዋሾ ነው ባይ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ የበዛ ነገር አትወድም። ደራሲው እንባና ጩኸት ሲያበዛ «ይኸስ ሰፋ፣ ትንሽ ያጥብበው» ትላለች። እኔ ደግሞ፣ መቼስ ያስተማርሁትን ዘመን ሁሉ ከአፌ ማውጣት አልችልም፣ ገጸ ባሕርይና ጭብጥ እያልሁ አሰለቻቸዋለሁ።

ስለ ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እናትና አባቷ ሞተውባት ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። ትዳሩም የቀረባት በሱ ምክንያት ነው ይባላል፤ እሷ ግን ይኸን ስትል ሰምቼ አላውቅም። ልጁ ካቻምና ሐምሌ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወረደ። የፎገራ ልጅ የራሱን ሩዝ ሳያርም የሰው ሰሊጥ ሊያርም ይሄዳል፤ የቀን ሥራ ጥሩ ይከፈላል ከተባለ ማን ያስቆመዋል። መስከረም ላይ አንዴ ደወለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝግ ነው። ከመተማ የተመለሰ ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግራታል። አንዱ ሱዳን ተሻግሯል ይላል፣ አንዱ ሁመራ አይቸዋለሁ ይላል፣ ሌላው ታስሯል ይላል። እሷ ሁሉንም ትሰማለች፣ ሁሉንም ታመሰግናለች፣ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። መጀመሪያ አካባቢ የሚስቲቱ ታናሽ ወንድም ስንቅ ቋጥሮ ሥራ ፍለጋ ቆላ ይወርዳል። እህቱ እስከ መንገዱ ትሸኘዋለች። ደራሲው ከዚያ በኋላ ልጁን አንስቶትም አያውቅ። ይኸን ያነበብነው ሰኔ ላይ ነው፣ ማናችንም ልብ አላልነውም። መጽሐፉን የጨረስነው ነሐሴ ገብቶ፣ ዝናቡ የሐጂን ቆርቆሮ እየደበደበ ነው። የመጨረሻዋን ገጽ ያነበብሁት እኔ ነበርሁ። ጣራው በመጨረሻ ተሠርቶ ነበርና የኔታ ደስ ብሏቸው «ተመስገን» አሉ።

«ልጁስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የትኛው ልጅ?» አሉ ሐጂ።

«ወንድሟ። ቆላ የወረደው።»

ተያየን። ሐጂ መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አደረጉ። እኔ ዝም ብል ምን ነበረበት። ለተማሪዎቼ ስለው የኖርሁት ነገር ከአፌ አመለጠ፤ ደራሲ ሁሉን አይነግረንም፣ የቀረውን ለአንባቢ መተው የጥበብ ምልክት ነው አልኋት።

«ለአንባቢው ይተወው» አለችኝ። «ለእህቱ ግን ሊነግራት ይገባ ነበር።»

ነጠላዋን ተከናንባ በዝናቡ ወጣች። በሚቀጥለው እሁድ አልመጣችም። መኪናዋም በረንዳው ላይ እንደተሸፈነች ሰነበተች፤ ሥራዋን ቤቷ ወስዳ በእጇ ትሰፋለች ብለው ሐጂ ነገሩን። ሌላም እሁድ ቀረች። ሦስታችን ብቻችንን ተቀምጠን ማንበብ ሞከርን፣ ግን የሚያርመን ሰው ስለሌለ አንድ ገጽ ዘለን ሳናውቀው ቀረን።

«እንሂድና እቤቷ እናንብብላት» አሉ የኔታ። «ታሞ የቀረ ሰው አይጠየቅም እንዴ?»

የምንሄድበትን ሰዓት ተመካከርን። ቤቷ ከተማው አልቆ የሩዙ ማሳ ከሚጀምርበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ያ መንደር ውኃ ይሆናል፣ የርብ ወንዝ የሞላ ዕለትማ በጫማ መግባት የለም። ቀን ሐጂ ሱቅ አላቸው፣ የኔታ ተማሪዎቻቸው ይጠብቋቸዋል። ሐጂ ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ፣ የኔታ የጠዋት ኪዳን አድርሰው ሲወጡ ነው የሚመቸን፤ ስለዚህ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይሁን ተባለ። እኔም እሺ አልሁ። ሦስታችንም ወግ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ የኔታማ በዕድሜያቸው ስንቱ ቤት መርዶ ይዘው እንደገቡ እሳቸውም አያስታውሱት። ያን ዕለት ግን ለአንዳችንም ልባችን አልነገረንም። መጽሐፍ ስለያዝን ይመስለኛል፤ መጽሐፍ የያዘ ሰው ክፉ ነገር ይዞ የሚሄድ አይመስለውም።

ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል፤ ብርድ ነበር። እኔና የኔታ ጋቢያችንን ተከናንበን ከሩዝ መፈልፈያው ጥግ፣ ከገለባው ክምር አጠገብ ቆመን ሐጂን ጠበቅን። የኔታ መጽሐፉን እንዳይርስ በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢያቸው ስር ይዘውታል። ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ «ባዶ እጅ አይኬድም» ብለው ዳቦና ስኳር አንጠልጥለው መጡ። የተኛ ሰው እንዳንቀሰቅስ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አወራን። ከዚያ ጭቃውን እየመረጥን ቀስ ብለን ተነሣን።

አመድ ልትደፋ የወጣች ሴት አየችን። «እንደምን አደርሽ» አልናት፤ አልመለሰችም። አመዱን እዚያው አስቀምጣ ገባች። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ ከበራቸው ቆመው ነበር፤ እሳቸውም ቆባቸውን አወለቁ። የኔታ ስላለፉ ነው ብዬ ተውሁት። ጭቃው ዓይናችንን ይዞት ወደ ኋላ አልዞርንም። ከኋላችን የእግር ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ ወደ ማሳ የሚወርዱ ሰዎች መሰሉኝ።

ሐጂ አጥሯን ሲያንኳኩ ዘወር አልሁ። መንደሩ በሙሉ ከኋላችን ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ስበዋል፣ አንድም የሚናገር የለም። ምን እንዳደረግን የገባኝ ያኔ ነው። ካህን የመሰለ አንድ ሰው፣ ሐጂ አንድ፣ መምህር አንድ፣ ጎህ ሲቀድ ጥግ ላይ ተጠባብቀው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተማክረው፣ ዳቦ ይዘው መጡ። የእድር ዳኛ መርጦ ቢልከን ከዚህ የተሻለ መርዶ ነጋሪ አያገኝም ነበር። «እንመለስ» ልል አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተ።

እኛን አየች። ከኋላችን ያለውን ሰው አየች። ምንም አልጠየቀችም። ባለችበት፣ እርጥቡ መሬት ላይ፣ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ከዚያ ወንድሟን በስሙ ጠራችው። መንደሩ አብሯት እሪ አለ።

ሐጂ «አይደለም፣ አይደለም» ይላሉ፣ ማን ይሰማቸዋል። መርዶ ሊነግር የመጣ ሰውም መጀመሪያ «ምንም የለም» ነው የሚለው፤ ሁሉም ያውቀዋል። የኔታ ግራ ሲገባቸው መጽሐፉን ከፌስታሉ አውጥተው ከፍ አድርገው አሳዩ። «ልናነብላት ነው የመጣነው፣ መጽሐፍ ነው!» ይኸን ያየች አንዲት ባልቴት «ዳዊቱን አወጡት» ብላ ደረቷን መታች፤ ለቅሶው እንደገና ጋለ። እኔ ልብስ ሰፊዋን ትከሻዋን ይዤ «አልሞተም፣ አልሞተም» እላለሁ። እሷ አትሰማኝም። ታለቅሳለች፣ ከልጅነቱ ጀምራ እያነሳች፣ የሰፋችለትን ሸሚዝ ሁሉ እየጠራች ታለቅሳለች።

ሰው ያመነን ረፋድ ላይ ነው። ያሳመነውም የኔታ መማላቸው ነው። መሐላ የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ተማሪ ሲምል ከሰሙ ይቆጣሉ። ያን ዕለት ግን አጥሩ አጠገብ ቆመው፣ በሚካኤል ስም፣ ልጁ ሞተ የሚል ወሬ እንዳልሰሙ፣ በሕይወት እንዳለም እንደሚያምኑ ማሉ። ያኔ ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ። ሴቶቹ ነጠላቸውን መልሰው አዙረው፣ አንዳንዱም በንዴት እያየን፣ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ወሬው ግን ቀድሞን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘመዶቿ ከሐሙሲት በሚኒባስ፣ እያለቀሱ ደረሱ። ሐጂና እኔ መንገድ ላይ ቆመን አለመሞቱን ስንነግራቸው ዋልን። አንድ አጎቷ ሰምተው «ካልሞተ እሰየው። እኛ ግን ሥራ ፈትተን መጥተናል» ብለው ገብተው አደሩ።

በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቃት ብቻዬን ሄድሁ። በር ላይ ተቀምጣ ልብስ ትጠቅም ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ግን አልተቆጣችም።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለችኝ። «ያን ዕለት በሩን ከፍቸ ሳያችሁ፣ ልቤ ዐረፈ። ለካ ዓመት ሙሉ ቆሜ ነበር የከረምሁት፤ ቁጭ አልሁ። ከዚያ አልሞተም አላችሁኝና መልሳችሁ አስነሣችሁኝ።»

መምህርነቴ ያን ጊዜ ምንም አልፈየደኝም። በመጨረሻ እሷው ናት የገላገለችኝ፤ ሱቁ በረንዳ ላይ መቀመጥ እንዳስጠላት፣ መንገደኛው ሁሉ እያያት ከንፈሩን እንደሚመጥ ነገረችኝ። «ማንበቡ ከኖረ እዚህ ኑ። ሰዓቱም ያው የዚያ ማለዳው ይሁን፣ ለምጀዋለሁ» አለች።

እንዲህ ሆኖ ማኅበራችን ወደሷ ቤት ዞረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሦስታችን ከመፈልፈያው ጥግ ተገናኝተን እንወርዳለን። መጀመሪያ ሰሞን መንደሩ በአጥር እያጮለቀ ያየን ነበር። መስከረም አልፎ ውኃው ሲሸሽ ሰዉ ለመደን። ሩዙ ቢጫ ሲሆን፣ ሲታጨድ፣ በሬዎቹ አውድማ ሲገቡ፣ እኛ እናነባለን። አመድ የምትደፋዋ ሴት «ዛሬ የማን ተራ ነው?» ትለናለች። የኔታ ጉልበታቸው ሲብስ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ሁለት ቅዳሜ ቀሩ፤ ሲመለሱ ያመለጣቸውን ሁሉ ልብስ ሰፊዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችላቸው። ስትስቅም ያየኋት ያን ዕለት ነው። አዲሱ መጽሐፍ ስለ አንዲት አዋላጅና ስለ ሰነፍ ባሏ ነበር። ስለ ወንድሟ ማናችንም አናነሳም፤ እሷም አታነሳም።

ጥር ላይ አንድ ሰው ሐጂ ሱቅ መጣ። ለሰሊጥ ከልጁ ጋር አብሮ የወረደ፣ ከዚያ ወዲህ አገሩ ያልተመለሰ ሰው ነው። እህቱን ፊት ለፊት ለማየት አልደፈረም። ለሐጂ ነገራቸው፤ ልጁን ንዳድ ያዘው፣ መድኃኒት ወዳለበት የሚያደርስ መኪና አልተገኘም፣ የሥራ ጓደኞቹ እዚያው እርሻው ዳር ቀበሩት። ሐጂ የሱቃቸውን በር ገርበብ አድርገው እኔንና የኔታን አስጠሩን።

«መቼ ነው የሞተው?» አሉ የኔታ።

«አምና ኅዳር ነው ያለኝ።»

የኔታ ጣቶቻቸውን አላጠፉም፣ ቁጥር አላስፈለጋቸውም። «እኔ ነሐሴ ላይ ምያለሁ» አሉ። ሐጂ የሰው ልጅ ባላወቀው አይጠየቅም ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ንስሐ እገባለሁ፣ ግን እሷ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ አሉ።

ለእድሩ ሽማግሌዎች ነገርን። ከሐሙሲት አጎቷም በስውር ተጠሩ። ማን ይቅደም ሲባል ሁሉም ወደኛ ዞሩ። «እናንተን ብታይ አትደነግጥም። ገብታችሁ አስቀምጧት፣ እኛ ጥግ ላይ እንጠብቃለን» አሉን። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሌላ የተሻለ መንገድ አልታየኝም። ደግሞም ቅዳሜ ነበር።

እንደ ሁልጊዜው ወረድን። ሐጂ ዳቦ ይዘዋል፣ የኔታ መጽሐፉን ከጋቢያቸው ስር ይዘዋል። ሴትዮዋ አመዷን ደፍታ «ንባቡ ገፋ?» ብላን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ማንም አልተከተለንም። ያን ጊዜ ሳንፈልገው የተከተለን ሰው ሁሉ ዛሬ ከኋላችን ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

በሩን ከፈተች፤ ቤቱ ተጠርጎ፣ በርጩማዎቹ ተደርድረዋል። «ዛሬ ቀደማችሁ» አለች። «ተራው የኔ ነው፣ የኔታ መጽሐፉን ያምጡት።» የኔታ መጽሐፉን አላወጡም። እጇን እንደዘረጋች ቆየች።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉ ሐጂ።

አልተቀመጠችም። ሐጂ ቆመው፣ አንድም ነገር ሳይሸፍኑ ነገሯት። ንዳዱን፣ ያልተገኘውን መኪና፣ የቀበሩትን የሥራ ጓደኞቹን። እሷ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«መቼ?» አለች።

«አምና፣ ኅዳር።»

እኔ እሪታዋን እየጠበቅሁ ነበር፤ ጥግ ላይ የቆሙትም እሱን ነበር የሚጠብቁት። እሪታው አልመጣም። ሦስታችንን በየተራ አየችን፣ የኔታ ላይ ስትደርስ እሳቸው አቀረቀሩ።

«አልቅሸለት ነበር እኮ» አለች። «እናንተ ናችሁ ዝም በይ ያላችሁኝ።»